ከሕግ ጠባቂነት ወደ ሕግ አውጪነት

በአማርኛችን መንግሥትን ወክሎ የሚከሰው ባለሙያ ስሙ ያማረ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ። ቃሉ የግዕዝ ነው። «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ስለሆነ ዐቃቤ ሕግ የሕግ ጠባቂ ነው፤ በስሙ ውስጥ ክስ የሚባል ነገር የለም። በተግባር ግን ዐቃቤ ሕግ ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ ቶሎ ድቅን የሚለው ፋይል ታቅፎ ችሎት የሚገባ፣ ክስ የሚያነብ፣ የሰው ዕድሜ በዓመት እየቆጠረ «ይፈረድልኝ» የሚል ሰው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን «እስከ ዛሬ ሕጉን ጠበቅህ፤ አሁን ደግሞ አንተው አውጣው» ቢባል ምን ያወጣል? ጥያቄው ለጨዋታ የተነሳ አይደለም። በአሜሪካ ከዐቃቤ ሕግነት ወደ ሕግ አውጪነት የሚወስደው መንገድ ብዙ እግር የረገጠው፣ የለሰለሰ መንገድ ነው። ዐቃቤ ሕግ ስሙ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ መናገር ይለምዳል፤ «ወንጀለኛ ላይ አይራራም» የሚባል ዝናም በምርጫ ጊዜ ገበያ አለው። በዚህ ሁሉ ምክንያት የግዛት ምክር ቤቶች የቀድሞ ዐቃቤ ሕጎች ጠፍተውባቸው አያውቁም።

ስለ ግዛት ምክር ቤት አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ሲባል እኛ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ኮንግረስ ነው። ሆኖም ሃምሳዎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕግ አውጪ አላቸው። በእኛ አነጋገር የክልል ምክር ቤት ብንለው ብዙም አንርቅም፤ ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በእኛ አገር ዋናው የወንጀል ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። በአሜሪካ ስርቆትም፣ ድብደባም፣ ነፍስ ግድያም በአብዛኛው የሚዳኙት በግዛቱ ሕግ ነው። ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ማን ከየት ወረዳ እንደሚመረጥ የሚወስነው ካርታም በዚያው በግዛቱ እጅ ነው። ስለዚህ አሜሪካዊውን በየዕለቱ የሚነካው ሕግ አብዛኛው የሚወጣው ስማቸውን በማናውቃቸው የግዛት እንደራሴዎች ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ታሪኩ ሊነገር የሚገባው አንድ ሰው አለ፤ ካርል ስቶክስ ይባላል። ዓለም የሚያውቀው በኋላ በያዘው የከንቲባ ወንበር ነው። እኔ ግን የማተኩረው ከዚያ በፊት ባለፈበት መንገድ ላይ ነው፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ።

ስቶክስ በ1927 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።) አባቱ የልብስ ንጽሕና መስጫ ሠራተኛ ነበር፤ ካርል በወጉ ሳያውቀው ሞተ። እናቱ ሉዊዝ ሁለት ወንዶች ልጆች ታቅፋ ቀረች፤ ካርልንና በሁለት ዓመት የሚበልጠውን ሉዊስን። በየነጮቹ ቤት እየጠረገችና እያጠበች አሳደገቻቸው። እሷ የደከመችበትን ጉልበት ልጆቿ እንዳይደክሙ ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ እንዲማሩላት። በ1938 ቤተሰቡ መንግሥት ለድሆች ባሠራው በአውትዌይት መንደር ቤት ሲደርሰው ኑሮ ትንሽ ፈገግ አለ።

ካርል ግን የእናቱን ምክር ቶሎ የሰማ ልጅ አልነበረም። በ1944 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን አቋርጦ ፋብሪካ ገባ። አሥራ ስምንት ሲሞላው ወታደር ሆነ፤ ጦርነቱ ካበቃም በኋላ ጀርመን ውስጥ አገለገለ። ልብ የገዛው ከዚያ ሲመለስ ነው። በ1947 ያቋረጠውን ትምህርት ጨረሰ፤ ቀጥሎ ኮሌጅ ገባ፤ በመካከል ለግዛቱ የመጠጥ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት መርማሪ ሆኖ ሠራ። በ1954 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪውን፣ በ1956 ደግሞ ከክሊቭላንድ ማርሻል የሕግ ትምህርት ቤት የሕግ ዲግሪውን ያዘ። ሕግ በሚማርበት ጊዜ እንጀራውን የሚበላው ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃቸውን ሰዎች በመከታተል ሥራ ነበር። በ1957 የጥብቅና ፈቃድ አወጣ፤ ከወንድሙም ጋር «ስቶክስ እና ስቶክስ» ብለው ቢሮ ከፈቱ።

በዚያን ጊዜ ክሊቭላንድ ውስጥ ለጥቁር ወጣት የሕግ ባለሙያዎች አርአያ የሚሆን አንድ ሰው ነበር፤ ኖርማን ማይነር። ማይነር ለብዙ ዓመታት በአውራጃው ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኖ በችሎት ክርክር ስም ያተረፈ ጥቁር ጠበቃ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የችሎትን ጥበብ ከእሱ ተምረዋል። ስለዚህ በ1958 ከንቲባ አንቶኒ ሴለብሬዚ ካርልን የከተማው ረዳት ዐቃቤ ሕግ አድርገው ሲሾሙት የተረገጠ ዱካ ተከትሎ ነበር የገባው። ሹመቱ ያለ ፖለቲካም አልመጣም። ካርል የዴሞክራት ፓርቲን የምርጫ ሥራ ከታች ጀምሮ የሠራ ወጣት ነበር፤ የጥቁሩን ሰፈር ድምፅ የሚፈልግ ከንቲባ ደግሞ ውለታ መመለሻ ያስፈልገዋል።

የከተማ ዐቃቤ ሕግ ማለት በፊልም እንደምናየው ነፍሰ ገዳይ ከጁሪ ፊት አቁሞ የሚያንቀጠቅጥ ሰው አይደለም። ከባዱ ወንጀል የአውራጃው ነው። ለከተማው የሚደርሰው የዕለት ተዕለቱ ነው፤ ሰክሮ መንገድ ላይ የተገኘ፣ ጎረቤቱን በጥፊ ያለ፣ በመኪና የተጋጨ፣ ከሱቅ ዕቃ አንስቶ የሮጠ። ፋይሉ ብዙ፣ ጊዜው አጭር ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሆኖም አንድ ከተማ ራሷን ሳትቀባባ የምትታየው እዚህ ላይ ነው። ሥራ አጥነት፣ የተጨናነቀ ቤት፣ የፖሊስና የሰፈሩ ሰው ጥላቻ የክስ ቁጥር ተሰጥቷቸው በየጠዋቱ ይቀርባሉ። ዐቃቤ ሕጉ የሚያገኘው ሰውየውን ነው፤ ሰውየውን እዚያ ያደረሰውን ነገር መክሰስ ግን አይችልም። ለዚያ አንቀጽ የለውም። አንቀጽ የሚጻፈው ሌላ ቤት ነው።

ስቶክስ ወደዚያ ሌላ ቤት መግባት የፈለገው ገና ዐቃቤ ሕግ ሳለ ነው። በ1960 ለኦሃዮ የተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረና በጥቂት ድምፅ ወደቀ፤ ቆጠራው ቢደገምም አልቀናውም። በ1962 እንደገና ሞከረ፤ አሸነፈ። በኦሃዮ ታሪክ በዴሞክራት ፓርቲ ስም ተመርጦ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የገባ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ሆነ።

እዚህ ላይ «በዴሞክራት ፓርቲ ስም» የምትለዋ ሐረግ እንዳታመልጠን። በኦሃዮ ጥቁር ሕግ አውጪ አዲስ ነገር አልነበረም። ጆርጅ ዋሺንግተን ዊልያምስ በ1879 ተመርጧል። የክሊቭላንዱ ጆን ግሪንም ጥቂት ዘግይቶ፣ እሱም ቢሆን አስቀድሞ የሰላም ዳኛ ሆኖ ሠርቶ፣ እዚያው ገብቷል። ሁሉም ግን ሪፐብሊካን ነበሩ። የሊንከን ፓርቲ ባሪያ ነጻ ያወጣ ፓርቲ ነውና የጥቁሩ ድምፅ ለብዙ ዘመን የዚያ ፓርቲ ነበር። ሚዛኑ ያዘነበለው በ1930ዎቹ፣ በሩዝቬልት ዘመን ነው። መራጩ ፓርቲውን ከለወጠ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖት ሳለ ፓርቲው ግን ከመራጩ መካከል አንድ ሰው እንኳ ኮሎምበስ አልላከም ነበር። ድምፅህን ስጥ፣ ወንበሩን ተወው ማለት እንዲህ ነው።

ምክንያቱ የሰው ክፋት ብቻ አልነበረም፤ ካርታም ነበረበት። የክሊቭላንድ ከተማ ያለችበት የካያሆጋ አውራጃ ተወካዮቹን የሚመርጠው በወረዳ ተከፋፍሎ አልነበረም፤ መላው አውራጃ በአንድ ላይ ሁሉንም ይመርጥ ነበር እንጂ። ስለዚህ ጥቁር ዕጩ የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቢመርጠው እንኳ አውራጃው ውስጥ ያለው ነጭ ካልጨመረለት አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ከ1903 ጀምሮ በግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ የሰፈረ አንድ ማሻሻያ ነበር። በዚያ ማሻሻያ መሠረት ከኦሃዮ 88 አውራጃዎች እያንዳንዱ፣ ሕዝቡ ምንም ያህል ጥቂት ይሁን፣ ቢያንስ አንድ ተወካይ ይኖረዋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ሲመነዝሩት ግን የገጠሩ አንድ ድምፅ የከተማውን ብዙ ድምፅ ያህል ይመዝን ነበር።

ስቶክስ የገባበት ምክር ቤት እንግዲህ እንዲህ የተሠራ ቤት ነው። አብዛኛው ወንበር የሪፐብሊካኖች ነው። አገረ ገዥው ጀምስ ሮድስም ሪፐብሊካን ናቸው። አባልነቱ የሁለት ዓመት ሲሆን ሙሉ ደመወዝ የሚያስተዳድር ሥራ ስላልነበረ እንደራሴው ጥብቅናውንም ጎን ለጎን ይሠራል። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ኮሎምበስ ያኔ ለአንድ ጥቁር ዴሞክራት አናሳ ፓርቲ ውስጥ አናሳ የሚሆንባት ከተማ ነበረች።

ለዐቃቤ ሕግ ይህ ሌላ ዓለም ነው። ችሎት ላይ ማስረጃ ካለህ ትረታለህ፤ ዳኛው ባይወድህም ሕጉ ይይዘዋል። ምክር ቤት ውስጥ ማስረጃ ቁም ሳጥን ሙሉ ቢኖርህ ቁጥር ከሌለህ ትወድቃለህ። ችሎት ተቃዋሚህን የምታሸንፍበት ቦታ ነው፤ ምክር ቤት ግን ዛሬ የተቃወመህን ሰው ነገ የምትለምንበት ቦታ ነው። ከሳሽ ሆኖ የኖረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ይህን መለወጥ ነው። ስቶክስ አልተቸገረም። በ1964 እና በ1966 ደግሞ ተመረጠ፤ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ።

በዚህ መካከል ካርታው ራሱ ተከሰሰ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1962 የወረዳ አከፋፈል ጉዳይ በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል አለ። በ1964 ደግሞ በግዛት ምክር ቤቶች የአንድ ሰው ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ እኩል መመዘን አለበት ብሎ ወሰነ፤ በዚያው ሰሞን የኦሃዮ አከፋፈልም ወደቀ። ለ1966 ምርጫ ግዛቱ እያንዳንዳቸው አንድ ተወካይ በሚመርጡ 99 ወረዳዎች ተሸነሸነ። ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች የራሳቸውን ሰው መላክ ጀመሩ።

የኮንግረስ ወረዳዎችን ካርታ ጉዳይ ደግሞ ወንድምየው ሉዊስ ያዘው። የክሊቭላንድ ጥቁር ሕዝብ በአንድ ወረዳ የራሱን ሰው እንዳይመርጥ ተቆራርጧል ብሎ ተከራከረ፤ በ1967 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ረታ። ከዚያ ክርክር በኋላ የተሠራው ወረዳ በ1968 ራሱን ሉዊስን መረጠ፤ ከኦሃዮ የመጀመሪያው ጥቁር የኮንግረስ አባል ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠበት።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ያ ብዙ ጥቁሮችን በር ላይ ያስቀረ አሮጌ አመራረጥ ለካርል ሳያስበው ትምህርት ቤት ሆኖታል። ወንበር ለማግኘት የግድ የነጩን በር ማንኳኳት ነበረበት። የፖላንዱን፣ የሃንጋሪውን፣ የአየርላንዱን ተወላጅ በየአዳራሹ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ በየሳሎኑ ማነጋገር ነበረበት። አዲሱ አከፋፈል ፍትሐዊ ነው፤ ማንም አሮጌው ይመለስ አይልም። ነገር ግን በአዲሱ የሚመረጥ ሰው የራሱን ሰፈር ብቻ አሳምኖ መግባት ይችላል። ፍትሕ ሲመጣም ይዞት የሚሄደው ነገር አለ፤ ይህን ማየት ፍትሕን መቃወም አይደለም።

የካርል ሂሳብ ይህን ትምህርት ቤት ተመርኩዞ ነው ወደ ከንቲባነት የሄደው። በ1965፣ የምክር ቤት አባል ሳለ፣ ከፓርቲው ውጭ በግሉ ተወዳደረ። በከንቲባ ራልፍ ሎከር የተሸነፈው በ2,100 ድምፅ ገደማ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በሐምሌ 1966፣ ሀፍ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነደደ፤ አራት ሰው ሞተ፤ የብሔራዊ ዘብ ጦር ገባ። ነጋዴውም ፋብሪካውም ከተማዋን ከእሳት የሚያወጣ ሰው ይፈልግ ጀመር። ስቶክስ በ1967 በዴሞክራት ፓርቲ የውስጥ ምርጫ ሎከርን ረታ፤ በጥቅምት መጨረሻ እንደ እኛ፣ ኅዳር 7 ቀን እንደ እነሱ፣ ከሪፐብሊካኑ ሴት ታፍት ጋር ተጋጠመ። ታፍት የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዊልያም ሃዋርድ ታፍት የልጅ ልጅ ነው። የባሪያ የልጅ ልጅ ልጅ ከፕሬዚዳንት የልጅ ልጅ ጋር ሲወዳደር ጋዜጠኛ ምን ይፈልጋል!

በክርክራቸው መካከል ስቶክስ ነጮች በሚበዙበት በምዕራቡ ሰፈር ቆሞ ታፍት ካሸነፈ የሚያሸንፈው ተቃዋሚው ጥቁር ስለሆነ ብቻ ነው አለ። አዳራሹ ጮኸበት። እውነቱን ነው አይደለም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ያ አዳራሽ ያን እውነት የሚሰማበት ቀን ነበር ወይ የሚለው ሌላ። ዐቃቤ ሕጉ ለአፍታ ብቅ ብሎበት ነበር ልበል? ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆኖ በተቀመጠበት አዳራሽ ክስ አነበበ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ለማኝነቱ ተመለሰ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በዚያ ዓመት ክሊቭላንድ መጥተው መራጭ ሲያስመዘግቡ ስቶክስ የእሳቸው አጠገብ መታየት ነጩን መራጭ ያስደነግጥብኛል ብሎ ሰግቶ ነበር። ያሳዝናል፤ ድምፅ መቁጠር ያስተማረው ምክር ቤት ግን ይህንንም አስተምሮታል። ውጤቱ 129,396 ለ127,717 ሆነ። ልዩነቱ 1,679 ድምፅ ብቻ ነው። ከነጮቹ ያገኘው ድምፅ ከአምስት አንድ ያህል ቢሆን ነው፤ ያችው አንዷ ባትኖር ግን የለም። ከአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የአንዷ ከንቲባ ሆኖ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

እስካሁን ያየነው ሰው ሕግን በሁለት በኩል ያውቀዋል፤ በሚጠበቅበትም፣ በሚወጣበትም። ሦስተኛውን ግን አያውቀውም፤ ሕግ ጠመንጃ ይዞ መንገድ ላይ የሚቆምበትን። የስቶክስ ዘመን የተፈተነው እዚያ ላይ ነው።

በሚያዝያ 1968 ኪንግ ሲገደሉ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነደዱ። ክሊቭላንድ አልነደደችም፤ ከንቲባው መንገድ ለመንገድ እየሄደ ሕዝቡን ለመነ። በቀጣዩ ወር «ክሊቭላንድ አሁን» የሚል የልማት ዕቅድ አወጀ፤ ለአሥር ዓመት 1.5 ቢሊዮን ዶላር የታለመለት። ሰው ከኪሱ አዋጣ። ሐምሌ 23 ቀን 1968 ማታ ግን በግሌንቪል ሰፈር ፍሬድ አሕመድ ኢቫንስ የሚባል ሰው በሚመራቸው ታጣቂዎችና በፖሊስ መካከል ተኩስ ተከፈተ። ሰባት ሰው ሞተ፤ ሦስቱ ፖሊሶች ናቸው። ሰፈሩ ታመሰ፣ ሱቅ ተሰበረ።

በማግስቱ ስቶክስ ከዚያ በፊት ማንም ያልሞከረውን ሞከረ። ነጭ ፖሊሶችንና የዘብ ጦሩን ከሰፈሩ አስወጥቶ ጥበቃውን ለጥቁር ፖሊሶችና ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ሰጠ። «በሕግ አምላክ» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ጠመንጃ የሌለው ሰው ጠመንጃ የያዘውን የሚያስቆምበት ቃል ነበር፤ ያን ሌሊት በግሌንቪል የተሞከረውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዘረፋው ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ ሰው ግን አልሞተም። ከንቲባው ያመዛዘነው ይህን ነበር፤ ሱቅ ይሠራል፣ ሰው አይሠራም። ፖሊሶቹ ግን ጓደኞቻችን ተገድለው እኛን አስወጣን አሉ፤ ቂሙ ሥር ሰደደ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ የባሰ መጣ። «ክሊቭላንድ አሁን» ከሰበሰበው ገንዘብ ጥቂት ሺህ ዶላር ለኢቫንስ ቡድን ለወጣቶች ሥራ ተብሎ ተሰጥቶ እንደነበርና ከዚያ ላይ ጠመንጃ እንደተገዛበት ታወቀ። ኪሱን የፈታው ሁሉ መልሶ አሰረ።

ከዚህ በኋላ ስቶክስ ከፖሊሱ ጋር አልታረቀም። በ1969 እንደገና በጠባብ ልዩነት ተመረጠና በ1970 የጸጥታ ኃላፊነቱን ለጄኔራል ቤንጃሚን ዴቪስ ሰጠ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጥቁር አብራሪዎችን ክፍል የመሩት ዝነኛው ጄኔራል ናቸው። ስድስት ወር ገደማ ቢቆዩ ነው፤ ከንቲባው የሕግ አስከባሪዎችን ጠላቶች ይደግፋል ብለው ለቀቁ። የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ የሕግ ጠላት ተባለ ማለት ነው።

የዚህ ጠብ ሥር በዚያው ከተማ ሌላ ቦታም ይታያል። በ1963 አንድ የክሊቭላንድ መርማሪ ፖሊስ መንገድ ላይ የጠረጠራቸውን ሁለት ጥቁሮች አስቁሞ በልብሳቸው ላይ ዳበሳቸው፤ ሽጉጥ አገኘባቸው። ያለ ማዘዣ፣ ያለ በቂ ማስረጃ መዳበስ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የተከሳሾቹ ጠበቃ ሉዊስ ስቶክስ ነበር። የተከራከረው በታኅሣሥ 1967፣ ወንድሙ የዚያው ፖሊስ የበላይ አዛዥ ከሆነ ከአንድ ወር በኋላ ነው። በሰኔ 1968 ስምንት ዳኞች ለፖሊስ፣ አንድ ዳኛ በተቃውሞ ወሰኑ። ፖሊስ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ካለው አስቁሞ መዳበስ ይችላል የሚለው ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ሕግ ነው። አንዱ ወንድም ፖሊሱን ሲያዝ፣ ሌላው የፖሊሱን እጅ ሊይዝ ሲከራከር፣ አንዱም በሙሉ አልተሳካለትም።

ስቶክስ በታሪክ ይበልጥ የተሳካለት ባላሰበው ቦታ፣ በውሃ ነው። ሰኔ 22 ቀን 1969 የካያሆጋ ወንዝ ነደደ። ውሃ እሳት ያጠፋል እንጂ ይነዳል ወይ? ዘይትና የፋብሪካ ቆሻሻ ከተንሳፈፈበት ይነዳል። ወንዙ ሲቃጠል የመጀመሪያው አይደለም፤ ጉዳቱም 50,000 ዶላር ቢሆን ነው። ሌላ ከንቲባ ዝም ባለው ነበር። ስቶክስ ግን በማግስቱ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ ቆሻሻው የሚገባበትን ቦታ አንድ በአንድ አሳየ። ያን ቀን የዐቃቤ ሕጉን ሙያ በደንብ ተጠቀመበት፤ ተጠርጣሪው ወንዙ አይደለም፣ ወንዙ ተበዳይ ነው፣ በዳዩ እነሆ ብሎ ማስረጃውን ዘረገፈ። የከተማው ሕዝብ ከዚያ አስቀድሞ በ1968 ለውሃ ማጣሪያ 100 ሚሊዮን ዶላር ብድር በድምፁ ፈቅዶ ነበር። ኮንግረስ የንጹሕ ውሃ ሕግን በ1972 ሲያወጣ የካያሆጋ ስም በየአፉ ነበር።

በ1971 አልወዳደርም አለ። በ1972 ኒው ዮርክ ሄዶ የቴሌቪዥን ዜና አቅራቢ ሆነ፤ በ1973 የፖለቲካ ሕይወቱን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። በ1980 ወደ ክሊቭላንድ ተመልሶ ለሠራተኛ ማኅበር ጠበቃ ሆነ። በ1983 ደግሞ የከተማው ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተመረጠ። ዐቃቤ ሕግ ሆኖ «ይፈረድልኝ» ይልበት በነበረው ዓይነት ችሎት አሁን ራሱ ፈራጅ ሆነ። በዳኝነቱ ዘመንም አንድ ጊዜ ራሱ ተከሳሽ ሆኖ ቆሟል፤ የውሻ ምግብ ሳይከፍል ከሱቅ ይዞ ወጣ ተብሎ ተከሶ ጁሪ ነጻ ብሎ አሰናበተው። ችሎት ውስጥ ካሉት ቦታዎች ስቶክስ ያልቆመበት አልቀረም። በ1994 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሲሸልስ አምባሳደር አድርገው ላኩት። በሚያዝያ 1996 በካንሰር ሞተ።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? «ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሰው ጥሩ ሕግ አውጪ ይሆናል» የሚል ቀላል መደምደሚያ የለኝም። ዐቃቤ ሕግነት አንድን ሰው ሕግ ድሃው ቤት ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳየዋል፤ ይህን ያየ ሰው ምክር ቤት ቢገባ ደግ ነው። ግን ያው ሥራ ችግርን ሁሉ የአንድ ሰው ጥፋት አድርጎ ማየትንም ያስለምዳል፤ ይህን ይዞ የገባ ሰው ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ እስር ቤት ይመስለዋል። ልዩነቱ ያለው ሰውየው ከፋይሉ ጀርባ ማንን እንዳየ ላይ ነው። ስቶክስ የሰው ቤት ጠራጊ ልጅ ነው። ከከሰሳቸው ሰዎች መካከል ያደገ ስለሆነ ፋይሉን ሲገልጥ ሰፈሩን ያነብበት ነበር።

ሁለተኛው ነገር ከበድ ይላል። ሕግ መጠበቅም ሕግ ማውጣትም ሕጉን የታጠቀው ክፍል እሺ ብሎ ካልታዘዘው በወረቀት ላይ ይቀራል። ስቶክስ በሁለቱ ቤት የተማረው ማሳመንን ነው፤ በማስረጃ ማሳመንን፣ በድምፅ ማሳመንን። የሚታጠቀውን ክፍል ግን በማስረጃም በድምፅም ማሳመን አልቻለም። ይህ የእሱ ድክመት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ከእሱ በኋላ የመጡ የአሜሪካ ከንቲባዎች፣ ጥቁርም ነጭም፣ ስንቶቹ ይህን ግድግዳ እንደተጋጩት ያየ ግን እንዲህ አይልም።

ከ2002 ጀምሮ ክሊቭላንድ ውስጥ በካያሆጋ ወንዝ አናት ላይ አንድ ረጅም ሕንፃ ቆሟል። ከታች ያ የነደደው ወንዝ ይፈስሳል፤ ዛሬ ዓሣ ተመልሶበታል። ሕንፃው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ ስሙም የካርል ስቶክስ ፍርድ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ዐቃቤ ሕጎች ፋይላቸውን ታቅፈው በዚያ በር ይገባሉ።